«ቦሮው»ን ለሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዴት ላስረዳ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። የእንግሊዝኛ ቃል ስትጠይቀኝ መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። ፍቺው ግን ከቃሉ ይብሳል። እኔም ከስምንተኛ ክፍል አልዘለልኩም። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መዝገበ ቃላቱ ለማን እንደተዘጋጀ ይዩ። ለእንግሊዞች የተጻፈ ከሆነ ለልጅዎ አይሆንም። ለተማሪ ታስበው የተሠሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የሎንግማን መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን የጻፈው 2,000 ገደማ በሆኑ ቀላል ቃላት ነው። በ1987 የወጣው ኮቢልድ ደግሞ ቃሉን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈታል። እኔም ደሴ ሳስተምር የምወደው መንገድ ይኸው ነበር፤ እርስዎም ቤት ውስጥ ይችሉታል።

«ቦሮው»ን እንውሰድ። «መዋስ ነው» ቢሏት ግማሹን ብቻ ነገሯት። እኛ እርሳስ እንዋሳለን፣ ብር እንበደራለን፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም ቦሮው ይላል። ስለዚህ እንዲህ ይበሏት፦ «የጓደኛሽን ላጲስ አስፈቅደሽ ወስደሽ፣ ተጠቅመሽበት የምትመልሽላት ከሆነ፣ ቦሮው አደረግሽ።» መመለሱን እንዳይረሱ፤ እሱ ከሌለ ፍቺው ፈረሰ። ሰጪዋ ያደረገችው ደግሞ ሌንድ ይባላል። እነዚህን ሁለቱን ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ልጆችም ያምታቷቸዋል። ስለዚህ ላጲስ ይያዙና ይጫወቱት። እሷ «ካን አይ ቦሮው ዮር ኢሬዘር?» ትበል። እርስዎ «የስ፣ አይ ካን ሌንድ ኢት ቱ ዩ» ብለው ይስጧት። ከዚያ ተቀያየሩ።

«ሆት» ለኮምቦልቻ ልጅ አይከብድም። ቀኑ ይሞቃል፣ ሻዩ ይፋጃል፣ ሚጥሚጣው ያቃጥላል፤ ሦስቱም ሆት ናቸው። ለየአንዳንዱ የራሱን ዓረፍተ ነገር ይስጧት። «ኮልድ» ሲመጣ ሐምሌ ላይ ደሴ ይዘዋት ይምጡ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጦሳን ተራራ ጉም ሲያለብሰው ፍቺ አትጠይቅዎትም።

«ዌር» ልብስንም፣ ጫማንም፣ ቀለበትንም፣ መነጽርንም ይይዛል። ግን ሰውነቷ ላይ ያለውን ነው፤ የማጥለቁ ሥራ ፑት ኦን ነው።

ማንኪያና ባልዲ ፍቺ አያስፈልጋቸውም፤ ያሳይዋት።

አንድ ነገር አደራ፦ «ቢግ ማለት ላርጅ ነው» እያሉ አያሸምድዷት። አንዱን የማታውቅ ልጅ ሌላውን ከየት ታምጣው? ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ያኔ ሳይገባቸው የሚገለብጡ ልጆችን ብዙ አይቻለሁ፣ አንጀቴን ይበሉታል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛን ቃል በአማርኛ መንገር ልጅን ያሰንፋል ይላሉ። እውነት ነው? (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ አያሰንፍም ወንድሜ። በአማርኛ ይንገሩት፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ራሱ በእንግሊዝኛ ይሥራ። ሰኞ ገበያ ሲሄዱ አስከትለውት ይሂዱ። «ባይ»ን (መግዛት)፣ «ሴል»ን (መሸጥ)፣ «ቺፕ»ን (ርካሽ)፣ «ሄቪ»ን (ከባድ) እዚያው በዓይኑ እያየ ይናገራቸው።