መልስ፦ ልጄን በስክራች ላስጀምረው ወይስ ቀጥታ ፓይተን?

እህቴ፣ «የ10 ዓመት ልጄን የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት በስክራች ላስጀምረው ብዬ ነበር፣ ጊዜው አልፎበታል ይሉኛል» ብለሻል። አላለፈበትም። አስጀምሪው። ስክራች ትእዛዝ የያዙ ብሎኮችን እያገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ነው፤ ፓይተን ደግሞ ትእዛዙ በጽሑፍ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው።

እዚህ ባሕር ዳር የእህቴን ልጅ ያስጀመርኩት በስክራች ነው። መጀመሪያ የሠራው ጣና ላይ የምትቀዝፍ ታንኳ ነበር። ጉማሬ ከነካት ጨዋታው ያበቃል። ታንኳዋ ግን ጉማሬው ላይ እየወጣች ታልፋለች፣ ምንም አትሆንም! ልጁ ፍጥጥ ብሎ ሲያያት ቆየ። በኋላ ራሱ ደረሰበት፤ «ነክቷል ወይ?» የሚለውን ብሎክ ደጋግሞ በሚያሠራው ብሎክ ውስጥ አላስገባውም። ኮምፒውተሩ አንዴ ብቻ አይቶ ተወው ማለት ነው። አስገባው፣ ሠራ። ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ያን ቀን ሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ ማሠራት) ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ገባው።

እንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች የማያረጁት ለዚህ ይመስለኛል። ያሰብከውን ወዲያው ታየዋለህ። ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ሲሠራ የሳይንስ ተማሪ ላልሆኑትም ጭምር ታስቦ ነው። ስክራች በ2007 እ.ኤ.አ. ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወጣ። ብሎኮቹ ካልገጠሙ አይያያዙም፤ ስለዚህ ልጁ በአንዲት በተረሳች ነጠላ ሰረዝ ምክንያት ተስፋ አይቆርጥም።

ደግሞ ነፃ ነው፣ በአማርኛም ይሠራል። አንዴ ኮምፒውተሩ ላይ ከጫንሽው ኔትወርክ ቢጠፋም ችግር የለም። ፓይተኑ ይደርሳል፤ ብሎኩ ሲጠበው ራሱ ይጠይቅሻል።

ዛሬ ማታ ግን ምን መሥራት እንደሚያምረው ጠይቂው። ከዚያው ጀምሩ።