ቧንቧው ተዘጋ፣ ግን ለምን ተዘጋ?

ውድ ታናናሾቼ፣

ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ ስጽፍ ፀጉሬ ሸብቷል። ስለ አርክቴክቸሩ፣ ስለ ክላውዱ የሚመክራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ነው፦ ከአንዱ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት ሥራዎች አንዱ) ወደ ሌላው ዳታ ስለሚያሻግሩት የተያያዙ ስትሪሞች (የባይት ጅረቶች)። ትንሽ ትሁን እንጂ ከብዙ ትልልቅ ነገሮች ይልቅ እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት።

ሐሳቡ ከጃቫ ይቀድማል። የቤል ላብስ ተመራማሪው ዳግ ማኪልሮይ እ.ኤ.አ. በ1964 በጻፈው ማስታወሻ፣ ፕሮግራሞችን እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እየቀጣጠልን የምናገናኝበት መንገድ ያስፈልገናል ብሎ ነበር። ባልደረባው ኬን ቶምሰን በ1973 ፓይፕን (ቧንቧን) ዩኒክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ሠራው። ጃቫ ደግሞ ገና በ1996 ብቅ ሲል ያንኑ ነገር በአንድ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ይዞት መጣ። አንዱ ትሬድ በፓይፕድ አውትፑት ስትሪም ይጽፋል፣ ሌላው ከፓይፕድ ኢንፑት ስትሪም ያነባል፤ መሃላቸው፣ ሌላ መጠን ካልሰጣችሁት፣ 1024 ባይት የምትይዝ በፈር (ጊዜያዊ የዳታ ማቆያ) አለች። በፈሯ ስትሞላ ጸሐፊው ይጠብቃል፣ ባዶ ስትሆን አንባቢው ይጠብቃል። ያለው ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ጥፋቴን ቶሎ ልናዘዝ። መጻፉንም ማንበቡንም ለአንድ ትሬድ ሰጠሁት። ቴስት ሳደርግ የላክሁት ጥቂት መቶ ባይት ስለነበር ያለ እንከን አለፈ። ትክክለኛው ፋይል ሲመጣ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ኤክሰፕሽን (የስህተት ማስታወቂያ) የለም፣ ሎግ (የሥራ መዝገብ) የለም፣ ሲፒዩውም ሥራ ፈቷል። 1025ኛዋ ባይት ሰው አንብቦ ቦታ እንዲለቅላት ትጠብቃለች፤ ማንበብ ያለበት ግን እሷን ለመጻፍ ቆሞ የቀረው ያው ትሬድ ነው። ዶክመንቴሽኑ ይህን አታድርጉ ይላል፤ እኔ ያየሁት ሁለት ቀን ከተሰቃየሁ በኋላ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። ጸሐፊው ባይት ሲጨምር የተኛውን አንባቢ አይቀሰቅስም፤ የሚቀሰቅሰው ፍለሽ ሲደረግ (የተጻፈው እንዲነበብ ሲታዘዝ)፣ ሲዘጋ ወይም በፈሯ ስትሞላ ነው። አለዚያ አንባቢው በየአንድ ሴኮንዱ ራሱ ነቅቶ ያያል። ፕሮግራማችሁ ያለ ምክንያት በሴኮንድ በሴኮንድ የሚንቀራፈፍ ከመሰላችሁ ኔትወርኩን ከመርገማችሁ በፊት ፍለሽ ማድረጋችሁን እዩ።

ዋናው ጉዳዬ ግን መዝጋት ነው።

አንድ ጊዜ የወር ሽያጭ ሪፖርት የሚያወጣ ሥራ ጻፍኩ። አንዱ ትሬድ ከዳታቤዝ እያነበበ መስመር በመስመር ወደ ፓይፑ ይጽፋል፣ ሌላው ከፓይፑ እየተቀበለ ይጨምቅና ይልካል። ያምር ነበር፤ ፋይሉ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ሜሞሪው ንቅንቅ አይልም። ከወራት በኋላ ሪፖርቱን የሚቀበሉት ሰዎች “ከ19ኛው ቀን በኋላ ሽያጭ የለም እንዴ?” ብለው ጠየቁን። ፋይሉን ከፈትኩት። በትክክል ይከፈታል። የመጨረሻው መስመር እንኳ አልተቆረጠም፣ ዓምዶቹ ሁሉ አሉ። የኛ ሲስተም ደግሞ “ተሳክቷል” ብሎ መዝግቧል። ሎጉን ወደ ላይ ስፈትሽ የዳታቤዙ ግንኙነት መሃል ላይ ተቋርጦ፣ የጸሐፊው ትሬድ ኤክሰፕሽኑን ጽፎ ዝም ብሎ ሞቷል። አንባቢው ይህን በምን ይወቀው?

አሁን የሚገርመውን ስሙኝ። ስትሪሙን ፋይናሊ ውስጥ (ሥራው ቢሳካም ቢወድቅም በሚሄደው የኮድ ክፍል) በወጉ ዘግቼዋለሁ። እንዳስተማሩን። አንባቢው ያንን መዘጋት የሚያየው እንደ -1 ነው፣ ትርጉሙም “ዳታው አለቀ” ነው። ባልዘጋው ኖሮ ጃቫ መጨረሻ የጻፈው ትሬድ በሕይወት መኖሩን ያያልና፣ የሞተ መሆኑን ሲያውቅ አንባቢው ላይ “ራይት ኤንድ ዴድ” (የጸሐፊው ጫፍ ሞቷል) ወይም “ፓይፕ ብሮክን” (ቧንቧው ተሰብሯል) የሚል ኤክሰፕሽን ይወረውር ነበር። ጥንቃቄዬ ነው ስህተቱን የሸፈነው! ታዲያ አንዝጋ እንዳትሉ። ጸሐፊው የትሬድ ፑል (በተራ ሥራ የሚሰጣቸው የትሬዶች ስብስብ) ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ሥራው ቢከሽፍም ትሬዱ ብዙ ጊዜ አይሞትም፣ ሌላ ሥራ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ካልዘጋችሁ አንባቢው ዕድሜ ልኩን ቁጭ ይላል። መዝጋት ግዴታ ነው፤ ብቻውን ግን ጨረስኩ ይሁን ወደቅሁ አይናገርም።

ስለዚህ ከቧንቧው ጎን ሁለተኛ መንገድ ያስፈልጋል። እኔ የጸሐፊውን ሥራ ለኤግዚኪዩተር (ሥራን ለትሬዶች ለሚያከፋፍለው) ሰጥቼ ፊውቸሩን (የሥራውን ውጤት ኋላ የምጠይቅበትን ደረሰኝ) እይዛለሁ። አንባቢው እስከ -1 ድረስ ካነበበ በኋላ ፊውቸሩን “ጌት” ብሎ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ወድቆ ከሆነ ኤክሰፕሽኑ እዚያ ይወጣል፣ የተጨመቀው ፋይልም ሳይላክ ይጣላል። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቡ፦ ሳታነቡ “ጌት” ካላችሁ ጸሐፊው የሞላች በፈር ላይ ቆሞ፣ እናንተ እሱን እየጠበቃችሁ ትቀራላችሁ። አንባቢው ከወደቀም የራሱን ጫፍ ይዝጋ፣ ጸሐፊው ቀጥሎ ሲጽፍ “ፓይፕ ክሎዝድ” (ቧንቧው ተዘግቷል) ይባላል። ተቀባዩ ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ ፊውቸር የለምና፣ ተቀባዩ እንዲያመሳክር የመጨረሻው መስመር ላይ የመስመሮቹን ብዛት ጻፉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬ ከአሥሩ ዘጠኙን ጊዜ ፓይፕ አልነካም። የሚተላለፈው ጥሬ ባይት ሳይሆን ኦብጀክት (ሙሉ የዳታ ዕቃ) ከሆነ በ2004 ከጃቫ 5 ጋር የመጣው ብሎኪንግ ኪው (ሲሞላም ባዶ ሲሆንም የሚያስጠብቅ ወረፋ) ይሻላል፤ ስህተቱንም እንደ አንድ ዕቃ ወረፋው ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ፓይፕ የማወጣው አንዱ ላይብረሪ አውትፑት ስትሪም ላይ ካልጻፍኩ፣ ሌላው ከኢንፑት ስትሪም ካላነበብኩ ሲሉኝ ብቻ ነው።

አብረውኝ መሥራት የሚጀምሩ ልጆች ፓይፕ ያለበት ኮድ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ አንድ ቴስት አጽፋቸዋለሁ። ጸሐፊው ሦስተኛውን መስመር እንደጻፈ ኤክሰፕሽን ይወርውር። ከዚያ አብረን ስክሪኑን እናያለን። “ተሳክቷል” ካለ፣ ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።