መልስ፦ ግብር እየከፈልን ወረዳው ለምን «በጀት የለም» ይለናል?

ፒያሳ አካባቢ ያለው የሰፈርዎ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለምን እንደማይጠገን ጠይቀውናል፤ ወረዳው «በጀት የለም» እንደሚልና የአቅም ማነስም እንዳለበት ገልጸዋል። ቦዩ ሳይጠገን የቀረው፣ የሚከፍሉት ግብር ወረዳው እጅ ስለማይቀር ነው። ገንዘቡ ወደ ከተማው ግምጃ ቤት ይገባል፤ የከተማው ምክር ቤት በጀቱን ካጸደቀ በኋላ ለወረዳው ከሚደርሰው ድርሻ አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል፣ ለጥገና የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ማመልከቻዎን የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ ወራት አስቀድመው፣ ዕቅድ ሲዘጋጅ ያስገቡ፤ ግልባጩን ለክፍለ ከተማው ያድርሱ። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሳይጽፍበት አይውጡ፤ በቃል የቀረበ አቤቱታ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

የአቅም ማነስ ያሉትም በአብዛኛው ከዚሁ ከሰው መቀያየር ጋር የተያያዘ ነው። ሥራውን የለመደው ባለሙያ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፣ ተተኪው ፋይሉን የት እንዳለ እንኳን አያውቅም፤ ባለጉዳዩም «ነገ ተመለስ» እየተባለ ይመላለሳል። ጉቦ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው፤ ጉዳይ በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ሲንጠለጠልና የሚያልቅበት ቀን ሳይታወቅ ሲቀር፣ ፊርማው ራሱ ዋጋ ያወጣል። ይህ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደጅ ለመጥናት ጊዜ የሌለውን የቀን ሠራተኛ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ለቦዩ ጥገና ገንዘብ እንድታዋጡ ከተጠየቃችሁ፣ ተከታታይ ቁጥርና ማኅተም ያለው የመንግሥት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አንድ ብር አትስጡ። በእኛ ሰፈር በደብተር ላይ ብቻ ተመዝግቦ የተሰበሰበው ገንዘብ የት እንደዋለ የሚመልስ አልተገኘም።