የትኛው ጎማ ለየትኛው ሲል? ጥያቄና መልስ

ፋብሪካና ጋራዥ ውስጥ የምትሠሩ ስለ ሲል (ፈሳሽ ወይም ጋዝ እንዳያፈስ መገጣጠሚያ ላይ የሚገባ ማሸጊያ) እና ስለ ኦሪንግ (ክብ ቀለበት የሆነው ሲል) ብዙ ጠይቃችሁኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ የእንፋሎት መስመራችን ቫልቭ ላይ ያለው ኦሪንግ አልበረክት አለን። ናይትራይል የሚባለውን ጎማ አስገባን፣ ደርቆ ተሰነጠቀ። ቫይተን የሚባለውን ውድ ጎማ ገዛን፣ እሱም ብዙ አልቆየም። ከቫይተን በላይ ምን አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዋጋ ወደ ላይ አትውጣ። ቫይተን 200 ዲግሪ ይችላል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን በዘይትና በደረቅ ሙቀት ነው። ተራው ቫይተን እንፋሎትና የፈላ ውሃ አይስማማውም። ለዚህ ሥራ የተሻለው ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ነው፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ስትገዛ ፋብሪካ ውስጥ በፐርኦክሳይድ ኬሚካል የበሰለውን (እንዲጠነክር የተደረገውን) ጠይቅ። እሱ እስከ 150 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል፤ በሰልፈር የበሰለው ግን ቀድሞ ይደክማል።

ከመግዛትህ በፊት የግፊት መለኪያውን አንብብ። እንፋሎት ግፊቱ ከታወቀ ሙቀቱም ይታወቃል። መለኪያው 3.5 ባር ካሳየ እንፋሎቱ 148 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኢፒዲኤም ይችለዋል። 10 ባር ካሳየ ግን 184 ዲግሪ ደርሷል። እዚያ ላይ ጎማውን ተወውና ወደ ግራፋይት ወይም ወደ ቴፍሎን (ጎማ ያልሆነ ፕላስቲክ) ፓኪንግ ሂድ። ሲል መቀየር ካለብህ ደግሞ መስመሩን ዘግተህ፣ ግፊቱን አስወጥተህ፣ አቀዝቅዘህ ይሁን። የእንፋሎት ቃጠሎ ቀልድ የለውም።

ጥያቄ፦ ኢፒዲኤም እንዲህ ጎበዝና ርካሽ ከሆነ ለምን ለሁሉም ማሽን አንጠቀምበትም?

መልስ፦ የነዳጅ ዘር የሆነ ነገር ሁሉ ጠላቱ ነው። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ተራ ግሪስም ጭምር። ማመን ካቃተህ አንድ አሮጌ የኢፒዲኤም ኦሪንግ ናፍጣ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣልና አሳድረው። ጠዋት ስታወጣው አብጦ፣ ለስልሶ፣ በጥፍር ስትጫነው የሚቦጨቅ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከአዲሱ ጎን ስታስቀምጠው ካሊፐር እንኳ አያስፈልግህም።

ብዙ ጊዜ ተጠያቂው የሚገጥመው ሰው ነው። ትክክለኛው ጎማ ተገዝቶ፣ እንዲንሸራተት ተብሎ ተራ ግሪስ ይቀባል። ለኢፒዲኤም የሲሊኮን ግሪስ ብቻ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ነው የምሠራው። የፍሬን ሲሊንደር ስንፈታ ጎማዎቹን በቤንዚን ነው የምናጥበው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ከባድ ችግር። ይህን ለጓደኞችህም ንገራቸው። የተለመደው የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 እና ዶት 4፣ ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ መሠረቱ ግላይኮል የሚባል፣ የነዳጅ ዘር ያልሆነ ኬሚካል ነው። ለእሱ የሚሠሩት ጎማዎች አብዛኞቹ ኢፒዲኤም ወይም እሱን የመሰሉ ናቸው። ቤንዚን ሲነካቸው ያብጣሉ። ያበጠ ጎማ ፒስተኑን ይዞ ያስቀራል፣ ጎማውም መዝጋት ያቅተዋል። መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ጤነኛ ይመስላል፤ ቁልቁለት ላይ ነው ጉዱ የሚታየው። በራሱ በአዲስ የፍሬን ዘይት ወይም በንጹሕ አልኮል እጠቡት።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ «ቡናማው ቫይተን ነው» ይሉኛል። በቀለም መለየት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም እህቴ። ቫይተን ቡናማም አረንጓዴም ጥቁርም ሆኖ ይሠራል፤ ናይትራይልንም ቡናማ ማድረግ ቀላል ነው። ክብደቱ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል። ቫይተን ከሌሎቹ ጎማዎች በግልጽ ይከብዳል፤ እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ኦሪንጎች በትንሽ ሚዛን ብታስቀምጪ ልዩነቱን ታያለሽ። ግን ለትልቅ ሥራ ከሆነ የአምራቹን ወረቀት ጠይቂ።

አንዳንዱ ሰው ጎማውን በክብሪት ለኩሶ በሚወጣው ሽታ ይለያል። ይህን እባካችሁ አታድርጉ። ቫይተን ሲቃጠል ሃይድሮጂን ፍሎራይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። እሳት ደርሶበት የተንጨረጨረ ሲል ካገኛችሁም በባዶ እጅ አትንኩት።

ጥያቄ፦ ቴፍሎን ኬሚካል አይበግረውም፣ 260 ዲግሪ ይችላል። ታዲያ ምን ጎደለው?

መልስ፦ መመለስ። ጎማ ሲጫኑት ይገፋል፤ ቴፍሎን ሲጫኑት ቀስ እያለ ይፈስሳል፣ ተመልሶም አይመጣም። ዛሬ ያጠበቅከው ፍላንጅ (የቧንቧ መገጣጠሚያ) ከሳምንታት በኋላ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከውስጡ ስፕሪንግ ያለበትን፣ ወይም የመስታወት ክር፣ ካርቦን ወይም ነሐስ የተቀላቀለበትን ምረጥ።

ጥያቄ፦ የሃይድሮሊክ ፕሬስ ኦሪንግ በአንድ ጎኑ እንደተቦጫጨቀ ይወጣል። ግፊቱ 200 ባር ነው።

መልስ፦ ዓይነቱ ልክ ቢሆንም ጎማው በክፍተቱ እየሾለከ ነው። ከ70 ሾር (የጎማ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ወደሚጠነክረው 90 ሾር ቀይር፣ ከጎኑም የቴፍሎን መደገፊያ ቀለበት ጨምር። ክፍተቱ ተበልቶ ሰፍቶ እንደሆነም ለካ።

ጥያቄ፦ የምንጠነቀቀው ለሙቀት ብቻ ነው? ብርድስ?

መልስ፦ ብርድ ሰው ገድሏል። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ጥር 1986 እ.ኤ.አ. በተነሣች በ73 ሰከንድ ስትበታተን 7 ሰዎች ሞቱ። የጎን ሮኬቱ ኦሪንግ ቫይተን ነበር፤ የጠዋቱ አየር ደግሞ ከዜሮ ብዙ የማይርቅ። ፊዚሲስቱ ሪቻርድ ፋይንማን በምርመራው ላይ የዚያን ጎማ ቁራጭ ጨምቆ በረዶ ውሃ ውስጥ ከተተው። ሲለቀው ቶሎ ወደ ቅርፁ አልተመለሰም። ጎማ በብርድ ከመሰበሩ ብዙ ቀድሞ ይዘገያል፤ ሲል ከዘገየ ደግሞ ክፍት ነው።

የማቀዝቀዣ ክፍል ያላችሁ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ ጋዙ አሞኒያ ከሆነ ቫይተን አታስገቡ። አሞኒያ ያፈራርሰዋል። ኒዮፕሪን የሚባለው ጎማ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስቶር ውስጥ ያሉት ሳይሠሩ ተሰነጣጥቀዋል። ለምን?

መልስ፦ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለው፣ ፀሐይ እየመታቸው ከሆነ ይጠበቃል። ብየዳና የኤሌክትሪክ ሞተር አጠገብ የሚፈጠረው ኦዞን በተለይ ናይትራይልን ይሰነጥቃል። ሳትወጥሯቸው በጥቁር ፕላስቲክ አሽጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ ቀኑን ጻፉበት፣ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይውጣ።