የሚዞረው ቶርኖ የቆመ ሲመስል

አዳማ ውስጥ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) ቤት ያላቸው አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ማታ ስንሠራ ማሽኑ በደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ሲደርስ፣ ብረቱን የሚነክሰው ባለሦስት መንጋጋ ራስ የቆመ ይመስላል። ትንሽ ስቀንሰው ወደኋላ የሚዞር ይመስላል። ቀን በሩን ከፍተን ስንሠራ ግን ይህ የለም። ችግሩ ሞተሩ ነው ወይስ መብራቱ?»

መብራቱ ነው። ሞተሩን አይንኩት። ግን ዛሬውኑ ለሠራተኞቹ ይንገሯቸው፤ ቆሟል ብሎ ማንም እጁን እንዳይሰድ። ጣት ያስቆርጣል።

ማታ የሚያበሩት ፍሎረሰንት ቱቦ ውስጥ አርጎን የሚባል ጋዝና ትንሽ የሜርኩሪ ትነት አለ። ኮረንቲ ሲያልፍበት ኤሌክትሮኖች ከአተሞቹ ይላቀቁና ጋዙ ፕላዝማ ይሆናል። የእኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይወርዳል። በወረደ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ ወደ መስታወቱ እየሸሹ፣ እዚያ ኤሌክትሮን ካጡት አተሞች (ከአዮኖች) ጋር እየተገናኙ ይጠፋሉ። ፕላዝማው ይሳሳል፣ ብርሃኑ ይወርዳል፣ ወዲያው ደግሞ ይቀጣጠላል። በደቂቃ 2000 የሚዞር ራስ በሁለት ብልጭታ መካከል ልክ አንድ ሦስተኛ ዙር ይሄዳል። አንዱ መንጋጋ የሌላውን ቦታ ስለሚይዝ ዓይን ይታለላል። ባለአራት መንጋጋ ቢገጥሙ 1500 ላይ ያው ነው።

መፍትሔው ቱቦውን የሚነዳውን ፍሪኩዌንሲ መጨመር ነው። ቾኩንና ስታርተሩን (ቱቦውን የሚያስነሱትንና ኮረንቲውን የሚመጥኑትን የድሮ ዕቃዎች) አውጥተው፣ የእነሱን ሥራ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ባላስት ያስገቡ። እሱ ቱቦውን ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ይነዳዋል። ያኔ ኮረንቲው አቅጣጫ የሚቀይረው በ25 ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በዚህ ቅጽበት መስታወቱ ጋ ደርሰው ሊጠፉ አይችሉም። ስለዚህ ፕላዝማው ሳይሳሳ ይቆያል፣ ብርሃኑም አይቆራረጥም። ቱቦው ያው፣ ጋዙ ያው፣ ጠባዩ ግን ሌላ! በዚህ ሙያ ስቆይ እንደዚህ ደስ የሚለኝ ነገር የለም። በዚያ ላይ ለተመሳሳይ ብርሃን 10 በመቶ ያህል ኮረንቲ ይቀንሳል።

ሲገዙ የባላስቱ ዋት ከቱቦው ጋር ይግጠም። ሽቦውን ባላስቱ ላይ ባለው ሥዕል መሠረት ያገናኙ፤ የድሮውን መስመር አይከተሉ። ርካሽ ነገር አልመክርም፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ካነሰ የ100ው ብልጭታ ተመልሶ ይመጣል። ርካሽ ኤልኢዲም እንደዚያው ነው።

እስከዚያው ማሽኑ አጠገብ ባለክር አምፖል ይስቀሉ። ክሩ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ብልጭታውን ይሸፍናል። ቤቱ ሦስት ፌዝ (በተለያየ ቅጽበት ዜሮ ላይ የሚወርዱ ሦስት የኮረንቲ መስመሮች) ካለው ደግሞ ሦስት መብራት በየፌዙ ማከፋፈል ይቻላል፤ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይደምቃል። ይህን ግን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት ነው።