ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ኮሮች ፍጥነታቸው ለምን ተለያየ?

ሰላም እህቴ። ከአንድ ጉድጓድ የወጡ የባዛልት ኮሮችን (በቁፋሮ የሚወጡ ሲሊንደር መሳይ የድንጋይ ናሙናዎችን) የአልትራሳውንድ ሞገድ በውስጣቸው የሚያልፍበትን ፍጥነት ለክተሽ አንዱ በሰከንድ 5.2፣ ሌላው 3.6 ኪሎ ሜትር ሰጠኝ ብለሻል። መሣሪያው ነው ወይስ ድንጋዩ? በዚህ ቁጥር ብቻ ኮሩን በማሽን የሚጨፈልቀውን የጥንካሬ ፈተና ልተወው ወይ? ብለሽም ጠይቀሻል።

መሣሪያውን ከመጠርጠርሽ በፊት ኮሩን አገላብጠሽ እዪው። አዲስ አበባ ላይ ያስቆፈረ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ሜትር ድፍን ጥቁር ባዛልት ይሆንና ቀጣዩ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ይወጣል። ሞገዱ በድፍኑ በኩል ይሮጣል። አየር ያለበት ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ሲገጥመው ዞሮ ስለሚያልፍ ይዘገያል።

ልኬቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ10 ሳንቲ ሜትር ኮር ውስጥ 5 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ማለት 20 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። 1 ማይክሮ ሰከንድ ከጨመረብሽ ወደ 4.8 ወረድሽ ማለት ነው። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው፣ ሞገዱ የሚያልፍበት ጊዜ በታወቀ ዘንግ መሣሪያውን አስተካክዪው። የኮሩ ሁለት ጫፎች ለጥ ያሉ ይሁኑ። እኔ ጫፎቹን ስስ ቫዝሊን እቀባና የመሣሪያውን ላኪና ተቀባይ በሁለቱ ጫፍ ላይ ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። መሣሪያው የሚያሳየው የማለፊያ ጊዜ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ይረጋል። የምጽፈው ከረጋ በኋላ ያለውን ነው።

እኔን አንድ ጊዜ ያሳሳተኝ ውሃ ነው። ግማሾቹን ኮሮች ከቁፋሮ እንደመጡ እርጥብ ለካኋቸው፤ ሌሎቹን ከማድረቂያ ምድጃ አውጥቼ። እርጥቦቹ ፈጣን ስለነበሩ ጠንካሮች ናቸው ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ሲጨፈለቁ ግን ደካሞቹ እነሱ ሆኑ። ፒ ሞገድ (ይህ መሣሪያ የሚለካው፣ እንደ ድምፅ በመግፋትና በመሳብ የሚጓዘው ሞገድ) በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ በውሃ 1,500 ገደማ። ቀዳዳው ውሃ ሲሞላ ፍጥነቱ ያድጋል፤ ድንጋዩ ግን አልጠነከረም። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ደረቅ ወይም እርጥብ ብዬ ሳልጽፍ አላልፍም።

የጥንካሬ ፈተናውን በፍጹም እንዳትተዪው። ፍጥነትን ወደ ጥንካሬ የሚቀይር፣ ለሌላ አገር የኖራ ድንጋይ የወጣ ቀመር ለአንቺ ባዛልት አይሠራም። ሌላም አለ፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትለኪ፣ በኮሩ ርዝመት የተዘረጋ ስንጥቅ ሞገዱን ብዙም አያዘገየውም። ማሽኑ ሲጫነው ግን እዚያው ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በወገቡም በኩል፣ በሁለት አቅጣጫ ለኪው።

ልኬቱ ናሙናውን አያጠፋም፤ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። ሁሉንም ለኪ፤ ከፈጣኑም ከመካከለኛውም ከዘገምተኛውም መርጠሽ አስጨፍልቂና በፍጥነትና በጥንካሬ መካከል የራስሽን ግንኙነት አውጪ። ከፍጥነት የምታገኚው የመለጠጥ ሞጁለስ (ድንጋዩ ሲጫን ቅርጹን ላለመቀየር የሚያሳየው ግትርነት) አብዛኛውን ጊዜ በጭነት ከሚለካው ስለሚበልጥ እንዳለ ወደ መሠረት ስሌት አታስገቢው።

እስቲ የ3.6ቱን ኮር ፎቶና ክብደት ላኪልን። ስትለኪው ደርቆ ነበር?