ለገና ልጆቹን ሳትነግሩ ፓርክ መውሰድ፦ ከጎጃም ወላጆች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ለገና ሰሞን ልጆቼን ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባና ቢሾፍቱ ሦስት ጊዜ ወስጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ወዴት እንደምንሄድ ሳልነግራቸው ነው። አንዱ አልተሳካም፣ ሁለቱ አምረዋል። ይህን ካወራሁ ወዲህ ጥያቄው በዛብኝ። የቻልኩትን ያህል አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ከገና በፊት ይሻላል ወይስ በኋላ? (የሁለት ልጆች እናት፣ ፍኖተ ሰላም)

በኋላ፣ እህቴ። እዚህ ላይ አላመነታም። ገናን ቤታችሁ ዋሉ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በገና ነው። ቀድማችሁ ከሄዳችሁ ልጆቹ ቢበሉም እናንተ ጾመኞች ናችሁ። ደግሞ አያት ቤት ምሳ አለ። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ፣ ሩር ማሳደድ አለ። ልጅን ከዚያ ነጥቃችሁ የትም ብትወስዱት ልቡ ወደኋላ ይቀራል። የኔ ትልቁ ልጅ አንድ ዓመት በዋዜማው ወስጄው፣ ሸርተቴ ላይ ቆሞ «አሁን እነሱ ገና እየተጫወቱ ነው» ያለኝን አልረሳውም።

የ2019 ገና ታኅሣሥ 29 ሐሙስ ይውላል። ይህ ለኛ ጥሩ ነው። ሐሙስ በዓሉን ማክበር፣ ዓርብ መጓዝ፣ ቅዳሜ መጫወት፣ እሑድ መመለስ። ልጆቹ አንድ ቀን ትምህርት ስለሚቀሩ አስተማሪያቸውን ቀድማችሁ አነጋግሩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዓርብ ጾም ነው። የተረፈውን ዶሮ ለስንቅ እንዳትቋጥሩ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ፣ ሙዝ ይበቃል።

በ2020 ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና ታኅሣሥ 28 ነው። ትኬት ስትቆርጡ እንዳያሳስታችሁ።

ልጆቼን ምን ብዬ ላስነሳቸው? ሻንጣ ሲያዩ ይጠይቃሉ። (ሞጣ)

ያልተሳካው ጉዞዬ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

በዚያ ዓመት ሌላ ነገር አልመጣልኝም። «አዲስ አበባ ለቅሶ አለብን» አልኳቸው። ትልቁ ዝም አለ። ትንሿ፣ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ «ማን ነው የሞተው?» አለች። «አታውቂውም» አልኳት። ከመናኸሪያ እስከ ደጀን ስታለቅስ ሄደች። ለማታውቀው ሰው። አባይ በረሃ ስንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ፓርኩ በር ላይ እውነቱን ስነግራት ደስ አላላትም፤ ደነገጠች። «ታዲያ ማንም አልሞተም?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። እናቴ በኋላ ስትሰማ «በገና ሰሞን ሞት ትጠሪያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ልክ ነበረች።

በሞት፣ በበሽታ፣ በሐኪም ቤት አታሳብቢ። በቅጣትም አታስፈራሪ። ምስጢር መያዝና መዋሸት የተለያየ ነገር ነው። አሁን የምለው አንድ ብቻ ነው፦ «ዘመድ እንጠይቃለን።» አዲስ አበባ እህቴ አለች፣ በእርግጥም እዚያ ነው የምናድረው። ግማሹን እውነት ትናገሪያለሽ፣ የቀረውን ታቆይዋለሽ።

ሻንጣውን በተመለከተ፣ የልጆቹን ልብስ ከበዓሉ አጠባ ጋር አብረሽ አጥበሽ ለብቻ አስቀምጪ። ቤቱ ሁሉ በሚገለባበጥበት ሳምንት ማንም አያስተውልም።

ለባለቤቴም ሰርፕራይዝ ላድርገው? (ቡሬ)

አይሆንም። ለልጆች ምስጢር ደስ ይላል። ለትልቅ ሰው ግን ፈቃድ መጠየቅ፣ ገንዘብ ማስላት፣ በበዓል የሚመጣ እንግዳ መቀበል አለበት። ካላማከርሽው ደስታው ወደ ቅሬታ ይለወጣል። ይልቅ የምስጢሩ ተካፋይ አድርጊው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለት ሆኖ ማሴር ከጉዞው አያንስም።

ልጄ መኪና ያስታውከዋል። የአባይን ቁልቁለት እንዴት እናልፈዋለን? (ቢቸና)

ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ጎሐ ጽዮን። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ትልቅ ሰውም ያዞረዋል።

ከኋላ ወንበር አታስቀምጡት። ከፊት፣ መስኮት አጠገብ ይሁን። ስልክ አይመልከት፤ ሩቁን ገደል ይይ። ጠዋት ወተትና ቅባት ያለው ነገር አይቅመስ፤ ትንሽ ደረቅ ዳቦ ይበቃዋል። ሎሚ ቆርጣችሁ ያሽትት። ሁለት ፌስታል በኪሳችሁ ይኑር፣ ቀዳዳ እንደሌለው አስቀድማችሁ እዩ። ጆሮው ከተደፈነ ማስቲካ ያላምጥ። መድኃኒት ካሰባችሁ በዕድሜውና በክብደቱ ልክ ፋርማሲ ጠይቁ እንጂ የትልቅ ሰው ክኒን ቆርሳችሁ እንዳትሰጡት።

በረሃው ሲሞቅ ሹራቡን አውልቁለት። ጎሐ ጽዮን ስትወጡ መልሳችሁ አልብሱት። የታኅሣሥ ብርድ እዚያ ይቆያችኋል።

ከሁሉም በፊት ግን በጉዞው ዋዜማ መናኸሪያ ሄዳችሁ፣ ከዚያው ቀን የመጡ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ጠይቁ። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ይቅር። ልጆቹ ስላልተነገራቸው የሚያዝን የለም። የምስጢር አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጥያቸው መሄድ አልፈልግም፤ ግን ፓርክ ምን ያደርግላቸዋል? (ደምበጫ)

ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ ወንድሜ። ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ከቻላችሁ ደብረ ሊባኖስ አቁሙ። ከፍቼ አለፍ ብሎ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። እናትህ ይሳለማሉ፣ ጸበል ይዘው ይመለሳሉ። ልጆቹ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ያያሉ። ደረቱ ላይ ቀይ ያለበትን ጋማማ ወንድ ሲያዩ የኔዎቹ አንነሳም ብለው ነበር። እንዲመግቧቸው ግን አትፍቀዱ።

ለእናትህ ግን ሁሉንም ንገራቸው። በዚህ ዕድሜ መድኃኒት አለ፣ ነጠላ አለ፣ ማኅበር አለ። እርሳቸው ምስጢር ጠባቂ ይሁኑ። ከእኛ ሁሉ ይሻላሉ።

የትኛው ፓርክ ይሻላል? (ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ደጀን)

ሦስት ሰው ስለጠየቀ አንድ ላይ ልመልስ። እንደ ልጆቹ ዕድሜ ነው።

ከሰባት ዓመት በታች ከሆኑ አንድነት ፓርክ። በ2012 በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተከፈተው ነው። ጥቁር ጎፈር አንበሳ አለ። ለትልልቆቹ የነገሥታቱ አዳራሽ አለ። በር ላይ ፍተሻ ስላለ ሻንጣችሁን ያደራችሁበት ተዉት። መታወቂያም ያዙ።

ከአሥር ዓመት በላይ ለሆኑና ጉልበት ለተረፋቸው እንጦጦ ፓርክ። በ2013 ነው የተከፈተው። ባሕር ዛፉ መካከል በገመድ መንሸራተት፣ ፈረስ መጋለብ፣ ቀስት መወርወር አለ። ቦታው ከፍታ ስለሆነ ይበርዳል። ጃኬት አትርሱ።

ውሃ ለሚወዱ ቢሾፍቱ ያለው ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ። ከአዲስ አበባ በ45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በፈጣን መንገዱ ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ ሞቅ ይላል። ሙሉ ቀን ስጡት፤ ከሌላ ቦታ ጋር አትደርቡት። የውሃ ሸርተቴዎች ቁመት ይጠይቃሉ። ስለዚህ እቤት እያላችሁ ልጁን ከበሩ መቃን አስጠግታችሁ በሜትር ለኩት። ለምን ቢላችሁ «ለዩኒፎርም» በሉት፤ ለሚቀጥለው ዓመት ልክ ያስፈልጋችኋልና ውሸት አይሆንም። ተሰልፎ ደርሶ «አጭር ነህ» የተባለ ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያሳዝናል።

የመግቢያ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር እዚህ አልጽፍም። በዚያው ሳምንት ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ሰኞ፣ ማክሰኞ ብላችሁ የሚከፍቱበትንም ቀን አረጋግጡ።

የኔ ምርጫ? አንድ ፓርክ፣ አንድ ቀን። ሦስቱንም ላዳርስ ያለ ሰው ልጆቹን ታክሲ ውስጥ ነው የሚያውላቸው።

ወንድሜ አሜሪካ ነው። ልጆቼን ለገና ፍሎሪዳ ዲስኒ ሊወስዳቸው አስቧል። ምን ልበለው? (ባሕር ዳር)

ቪዛው ከተገኘ በኛ ገና ይሁን በሉት። በፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት መካከል ያለው ሳምንት እዚያ ከዓመቱ በጣም ከሚጨናነቁት ነው። የኛ ገና የሚውለው እነሱ ወደ ሥራና ትምህርት በተመለሱበት ሰሞን ስለሆነ ሰልፉ ቀለል ይላል። ኦርላንዶ አጠገብ ያለው ዲስኒ ወርልድ አራት የተለያዩ ፓርኮች ስላሉት ለእያንዳንዱ አንድ ቀን ይፈልጋል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ትኬት አይከፍልም። እዚያም ቁመት ይለካል፤ ለምሳሌ ስፔስ ማውንቴን የሚባለው 112 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ለልጆቹ ግን የምትነግሯቸው ቪዛው እጃችሁ ከገባ በኋላ ይሁን።

ገንዘቡ አይበቃኝም። አዲስ አበባ ሳልሄድ ልጆቼን ማስደሰት እችላለሁ? (አዴት)

ትችያለሽ፤ አንቺ ደግሞ ለባሕር ዳር ቅርብ ነሽ። ጣና ላይ ጀልባ አለ። ጀልባ የማያውቅ ልጅ ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌ ሲደርስ ፊቱን ተመልከቺ። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ይገባሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት ስለማይገባባቸው፣ ሴት ልጅ ካለሽ ከባለ ጀልባው ጋር መንገዱን ቀድመሽ ተስማሚ። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ሆናችሁ ጀልባውን ብትካፈሉት ይረክሳል። የሕይወት አድን ጃኬት ለየልጁ መኖሩን ሳታዪ አትሳፈሪ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል።

ጭስ ዓባይም ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው በክረምት ማግሥት ይበልጥ ያምራል፤ በገና ሰሞን እየቀነሰ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብትይኝ ጣናን እመርጣለሁ።

መቼ ልንገራቸው? ሲደርሱ ወይስ ቀድሜ? (ብዙ ሰው)

በጉዞው ዋዜማ ማታ። ሲደርሱ አይደለም። ልጅ ለመደሰትም ጊዜ ይፈልጋል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ማደሩ ራሱ የበዓሉ አካል ነው።

ከሦስቱ ሁሉ ያማረውን ልንገራችሁ። የገና ዕለት ማታ አባቴ ቤት ነበርን። ቡና በረካ ደርሷል። ዕጣኑ ቤቱን ሞልቶታል። ልጆቹ ሩር ሲያሳድዱ ውለው እግራቸው አቧራ ለብሷል። አባቴ እንደ ልማዱ ሊመርቅ ብድግ አለ። ምስጢሩን ነግሬዋለሁ፤ እንዴት እንደሚያወጣው ግን አልተነጋገርንም። «ከዘመን ዘመን ያድርሳችሁ» አለ። «አሜን» አልን። «ጤና ይስጣችሁ።» «አሜን።» «ነገ አባይን በሰላም ተሻገሩ።» «አሜን።» «ከነገ ወዲያም ቢሾፍቱ ውሃው ላይ ስትንሸራተቱ እግራችሁን እንቅፋት አይንካው።»

ትንሿ «አሜን» ልትል አፏን ከፍታ ቀረች። እኔን አየች። አባቷን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «አባባ፣ እንደገና መርቀን» አለችው።

በየቤታችሁ መራቂ አለ። ለእርሱ ስጡት።

የልጄን ፀጉር ለገና ሹሩባ አሠራታለሁ። ውሃ ውስጥ ብትገባ ምን ይሆናል? (ደብረ ማርቆስ)

ይበላሻል። እኔ ከፍዬ አሠርቼ፣ በሁለተኛው ቀን ፈትቼ ማታውን ሙሉ ሳፍታታ አድሬአለሁ። ወይ ቀጭኑን ትታችሁ ጠበቅ ያለ ወፍራም ቁጥርጥር ይሠሯት፣ ወይ የዋና ኮፍያ ግዙላት። ከውሃው ስትወጣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂላትና ቅባት ቀቢያት። ፎጣም ሁለት ያዢ፤ አንዱ ለፀጉሯ።